የእርሾ ሕዋስ ክሮሞዞሞቹን የሚለያየው በመሳብ ነው ወይስ በመቁረጥ?

ጀማሪ_አጥኚ

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ የማስተርስ ጥናቴን የጀመርኩት በዳቦ እርሾ፣ ማለትም በሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲየ ላይ ነው። ርዕሴ ሕዋሱ ሲከፈል ክሮሞዞሞቹ ለእናቲቱና ለልጂቱ እንዴት እንደሚዳረሱ ነው። ትናንት በማደግ ላይ ያሉ ሕዋሶችን በኤታኖል ገድዬ ባሉበት ሁኔታ እንዲቆዩ ካደረግሁ በኋላ፣ ዳፒ በተባለው ዲኤንኤን ሰማያዊ አድርጎ በሚያበራ ማቅለሚያ ነክሬ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ተመለከትኋቸው፤ ያየሁት ግን ከመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ጋር አልገጠመልኝም።

አስቀድሞ፣ የኤክስ ቅርጽ ያለው ክሮሞዞም አንድም አላገኘሁም፤ በየሕዋሱ ውስጥ የሚታየው አንድ ደብዛዛ ሰማያዊ ክብ ብቻ ነው። ትልቅ እምቡጥ (ልጂቱ የምትሆነውን ክፍል) ባወጣ አንድ ሕዋስ ላይ ደግሞ ያው ሰማያዊ ነገር በእናቲቱና በእምቡጡ መካከል ባለው ጠባብ አንገት ውስጥ ተዘርግቶ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወፍረው መሃሉ እንደ ክር ቀጥኖ አየሁት። ከዚህ ሌላ በሕዋሱ ዳር ዳር የተበተኑ እጅግ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ፤ እነዚህ ከመንገድ የቀሩ ክሮሞዞሞች ይሆኑ እንዴ ብዬ ሠግቻለሁ።

ዋናው ጥያቄዬ ግን የሚከተለው ነው። ክሮሞዞሞች የሚለያዩት ስፒንድሉ፣ ማለትም የሚጎትታቸው የፕሮቲን ክሮች ስብስብ፣ መሳብ ሲጀምር ነው ተብዬ ተምሬአለሁ። ታዲያ ስፒንድሉ መሳብ የሚጀምረው መቼ ነው? እንዲጀምር የሚያዘውስ ምንድን ነው?

ሕዋስ_ተመራማሪ

እንኳን ደኅና መጡ። ከቀላሉ ልጀምር። በዳር በዳር ያዩዋቸው ነጠብጣቦች የጠፉ ክሮሞዞሞች አይደሉም፤ የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ናቸው። ዳፒ የኒውክለሱን ዲኤንኤ ከሌላው አይለይም፤ የእርሾ ሚቶኮንድሪያ ደግሞ ወደ 85,000 ጥንድ ፊደል የሚደርስ የራሱ ዲኤንኤ ስላለው በሕዋሱ ጠርዝ ላይ እንደ ተበተነ ፍንጣሪ ሆኖ ይበራል። እንዲያውም ነጠብጣቦቹን ማየትዎ ማቅለሙ በሚገባ እንደ ተሳካልዎ ያሳያል።

የኤክስ ቅርጽ ያጡበት ምክንያት ከመጠን ጋር የተያያዘ ነው። ነጠላ ክምችት ያለው (ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም አንድ አንድ ብቻ የያዘ) የዳቦ እርሾ 16 ክሮሞዞሞች አሉት፤ ጠቅላላ ዲኤንኤው ደግሞ 12 ሚሊዮን ጥንድ ፊደል ያህል ነው። ያ ሁሉ ክር ቢዘረጋ 4 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ የሚቀመጠው ግን 2 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት ባለው ኒውክለስ ውስጥ ነው። ትንሹ ክሮሞዞም 230,000 ጥንድ ፊደል ብቻ አለው። የእርሾ ክሮሞዞሞች በክፍፍል ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ ነገር ግን የሰው ክሮሞዞሞች እንደሚሰበሰቡት አጥብቀው አይደለም፤ ስለዚህ በተራ ማይክሮስኮፕ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

አሁን ወደ አንገቱ እንምጣ። በእኛ ሕዋሶች ውስጥ ክፍፍል ሲጀመር የኒውክለሱ ሽፋን ይፈርሳል፤ በእርሾ ግን ሽፋኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይፈርስ ይቆያል። የስፒንድል ዋልታዎች የሚባሉት፣ ማይክሮቲዩቦች (የስፒንድሉ ክሮች) የሚበቅሉባቸው አካላት በራሱ በሽፋኑ ውስጥ ተሰክተው ይኖራሉ፤ ስፒንድሉም የሚሠራው በኒውክለሱ ሆድ ውስጥ ነው። ስፒንድል የሚለውን ቃል እኔ በአማርኛ እንዝርት ማለት እወዳለሁ፤ መሃሉ ሰፍቶ ሁለት ጫፉ የሾለው ቅርጹ ያስታውሰኛልና። ይህ እንዝርት ክሮሞዞሞቹ ከመለያየታቸው በፊት 2 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከተለያዩ በኋላ ግን ተረዝሞ 8 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ኒውክለሱም አብሮት ተለጥጦ በአንገቱ ያልፋል። ጫፎቹ ወፍረው መሃሉ ቀጥኖ ያዩት ሰማያዊ ነገር ያልተቀደደ አንድ ኒውክለስ ነው፤ በተለያዩ ክሮሞዞሞች ተሞልቶ በመካፈል ላይ ሳለ ነው የያዙት።

ስለ ዋናው ጥያቄዎ ስናገር፣ የተነገርዎት አባባል ነገሩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል ባይ ነኝ። ስፒንድሉ መሳብ የሚጀምረው ክሮሞዞሞቹ ሊለያዩ ሲሉ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ጀምሮ ሲስብ ቆይቷል። እያንዳንዱ ክሮሞዞም ሲባዛ ሁለቱ መንትያ ቅጂዎች ኮሂሲን በሚባል የፕሮቲን ቀለበት ታስረው ይቆያሉ። አንደኛው መንትያ ወደ አንድ ዋልታ፣ ሁለተኛው ወደ ሌላው ዋልታ በማይክሮቲዩብ ተይዞ ይጎተታል፤ የሚያቆያቸው ማሰሪያው ብቻ ነው። ክፍፍሉ የሚሆነው ጉተታው ሲበረታ ሳይሆን ማሰሪያው ሲቆረጥ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። የኮሂሲን አካል የሆነው ኤስሲሲ1 የተባለው ፕሮቲን በመለያያው ሰዓት ሴፓሬዝ በሚባል ኢንዛይም እንደሚቆረጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ፍራንክ ኡልማንና ኪም ናስሚዝ ከባልደረባቸው ጋር አሳዩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ተመራማሪዎቹ በኤስሲሲ1 ላይ ሴፓሬዝ የሚቆርጥበትን ቦታ አንሥተው፣ በምትኩ የትምባሆ ተክልን የሚያጠቃ ቫይረስ ኢንዛይም የሚያውቀውን የመቁረጫ ቦታ አስገቡ። ሕዋሶቹን ክሮሞዞሞቻቸው ከመለያየታቸው በፊት ባለው ደረጃ ላይ አቁመው የቫይረሱ ኢንዛይም ብቻ እንዲመረት አደረጉ። ከእርሾ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ይህ መቀስ ማሰሪያውን እንደ ቆረጠ መንትያዎቹ ተለያይተው ወደየዋልታቸው ሄዱ። ጉተታው አስቀድሞ ባይኖር ኖሮ መቁረጥ ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር ባላደረገ ነበር።

የፊዚክስ_ሰው

ሙያዬ ፊዚክስ ነው፤ ነገር ግን ይህን ክር በፍላጎት እየተከታተልኩ ነው። የሰጡት ማብራሪያ አንድ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። ሁለቱም መንትያዎች ከተለያየ ዋልታ ከተያዙ ማሰሪያው ላይ ውጥረት ይፈጠራል፤ ሁለቱም ከአንድ ዋልታ ከተያዙ ግን ውጥረት አይኖርም፤ ያን ጊዜ ማሰሪያው ቢቆረጥ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። ሕዋሱ የትኛው አያያዝ ትክክል እንደ ሆነ የሚያውቀው ውጥረቱን በመለካት ነው ማለት ነው? ከሆነስ እንዴት?

ሕዋስ_ተመራማሪ

ጥያቄው የነገሩ ልብ ነው። መልሱ አዎን ነው፤ የመጀመሪያው ማስረጃም የመጣው ከእርሾ ሳይሆን ከነፍሳት ነው። ብሩስ ኒክላስ የተባለ ተመራማሪ በአንበጣ ሕዋስ ውስጥ፣ በስሕተት ሁለቱም ወገኑ ከአንድ ዋልታ የተያዘን ጥንድ ክሮሞዞም እጅግ በቀጠነ የመስታወት መርፌ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እየሳበ ይዞ ቆየ። በተለመደው ሁኔታ እንዲህ ያለው የተሳሳተ አያያዝ ብዙም ሳይቆይ ይፈታል፤ በመርፌው ውጥረት ሲፈጠርበት ግን ጸና። እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመው ይህ ሥራ ውጥረት ራሱ አያያዙን እንደሚያጸና አሳየ።

በእርሾ ውስጥ ይህን ሥራ በዋናነት የሚያካሂደው አይፒኤል1 የተባለው ኢንዛይም ነው፤ በእኛ ውስጥ ያለው አቻው አውሮራ ቢ ይባላል። ውጥረት የሌለበትን አያያዝ እየፈታ ማይክሮቲዩቡን ያላቅቃል፤ ክሮሞዞሙም እንደገና የመያዝ ዕድል ያገኛል። ትክክለኛው አያያዝ ሲገኝ ውጥረቱ ስለሚያጸናው መፈታቱ ይቆማል። ሕዋሱ ትክክለኛውን አስቀድሞ አውቆ የሚመርጥ አይደለም፤ የተሳሳተውን እያፈረሰ ትክክለኛውን የሚተው ነው።

ይህ ነገር በዳቦ እርሾ ውስጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ልብ ብለን ብናየው አስገራሚ ነው። በዚህ እርሾ ክሮሞዞሞች በክፍፍል ጊዜ ብቻ ሳይሆን በዕድሜያቸው ሁሉ ማለት ይቻላል ከዋልታው ጋር እንደ ተያያዙ ይኖራሉ፤ የሚላቀቁት የሴንትሮሜሩ (ክሮሞዞሙ የሚያዝበት ቦታ) ዲኤንኤ በሚባዛበት ጊዜ ለአንድና ለሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በአቅራቢያቸው የሚገኘው በአብዛኛው አሮጌው ዋልታ ስለሆነ፣ ሁለቱም መንትያዎች በእርሱ የመያዝ ዝንባሌ አላቸው። ስለዚህ የመነሻው አያያዝ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። የአይፒኤል1 ሥራ በተበላሸባቸው ሕዋሶች ውስጥ ይህ ስሕተት ሳይታረም ይቀራል፤ አሮጌው ዋልታ በልማድ ወደ እምቡጡ የሚሄድ በመሆኑም ያልተለያዩት መንትያዎች በብዛት ወደ ልጂቱ ይጎተታሉ።

የቀረው ጥያቄ ያልተያዘ ክሮሞዞም እያለ መቀሱ፣ ማለትም ሴፓሬዝ፣ እንዳይሠራ የሚከለክለው ምን እንደ ሆነ ነው። ሴፓሬዝ ሴኩሪን በተባለ ፕሮቲን ታፍኖ ይኖራል። ሴኩሪን የሚወገደው ኤፒሲ የተባለ የፕሮቲን ስብስብ ለጥፋት ምልክት ሲያደርግበት ነው፤ ለዚህም ሲዲሲ20 የተባለ አጋዥ ያስፈልገዋል። በማይክሮቲዩብ ያልተያዘ ኪኔቶኮር፣ ማለትም በሴንትሮሜሩ ላይ የሚሠራው መያዣ፣ ማድ2 የተባለውንና መሰል ፕሮቲኖችን እየሰበሰበ ሲዲሲ20ን የሚያስር መልእክት ይልካል። አንድ ኪኔቶኮር ብቻ እንኳ ሳይያዝ ቢቀር ይህ ኬላ (መቆጣጠሪያ) ዝግ ሆኖ ይቆያል። የኬላውን ዘረመሎች እ.ኤ.አ. በ1991 ሁለት ቡድኖች በእርሾ ላይ ሠርተው አገኟቸው፤ አንዱ ማድ፣ ሌላው ቡብ ብለው ሰየሟቸው። ዘዴያቸውም ቀላል ነበር፤ ማይክሮቲዩብን የሚያፈርስ መድኃኒት ሲጨመርባቸው መቆም ሲገባቸው ሳይቆሙ ወደ ሞት የሚገሰግሱትን ሕዋሶች መርጠው አወጡ።

መምህርት_ሥነ_ሕይወት

ማብራሪያውን በደስታ አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮች እንዲታረሙ ወይም ቢያንስ እንዲጠበቡ እፈልጋለሁ። ተማሪዎቼ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያነቡ «እርሾ» የሚለውን ቃል ለሁሉም እርሾ አድርገው ይወስዱታልና።

የመጀመሪያው ይህ ነው። የተነገረው ሁሉ ስለ እምቡጥ አውጪው እርሾ ነው። በመሃል ግድግዳ ሠርቶ ለሁለት እኩል የሚከፈለው ሺዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ ከእርሱ የራቀ ዝርያ ነው። ያለው 3 ክሮሞዞም ብቻ ነው፤ ክሮሞዞሞቹ ትልልቅ ስለሆኑም ሲሰበሰቡ ይበልጥ ይታያሉ። የዳቦ እርሾ ሴንትሮሜር 125 ጥንድ ፊደል ያህል ብቻ ሲሆን አንድ ኪኔቶኮር የሚይዘው አንድ ማይክሮቲዩብ ነው። በፖምቤ ግን ሴንትሮሜሩ ከ40,000 ጥንድ ፊደል ጀምሮ ከ100,000 በላይ እስከሚደርስ ይሰፋል፤ አንዱ ኪኔቶኮርም ከ2 እስከ 4 ማይክሮቲዩብ ይይዛል። በዚህ ረገድ ፖምቤ ወደ እኛ ይቀርባል። ፖል ነርስ የመከፋፈሉን ዋና አዛዥ ዘረመል ያጠኑት በዚሁ እርሾ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የሰው አቻው ዘረመል የተበላሸውን የእርሾ ዘረመል ተክቶ ሕዋሱን እንደሚያድን እርሳቸውና ባልደረባቸው አሳዩ። ሊላንድ ሃርትዌል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ በዳቦ እርሾ ላይ፣ በሙቀት ሲቆሙ በአንድ ዓይነት ቅርጽ የሚቆሙ ሕዋሶችን እየመረጡ የክፍፍሉን ደረጃዎች ለይተው ነበር። ሁለቱ ከቲም ሃንት ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሁለተኛው፣ «ማሰሪያው ሲቆረጥ ሁሉም ነገር ያበቃል» የሚል ስሜት እንዳይተው ነው። በሰውና በሌሎች የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ሕዋስ በክሮሞዞሙ ክንድ (ከሴንትሮሜሩ ውጭ ባለው ክፍል) ላይ ያለው አብዛኛው ኮሂሲን የሚወገደው ሳይቆረጥ ነው፤ መቀሱ የሚያስፈልገው በሴንትሮሜሩ አካባቢ ለቀረው ነው። በራሱ በእርሾም ቢሆን 12ኛው ክሮሞዞም ኮሂሲን ቢቆረጥም ወዲያው አይለያይም።

ሕዋስ_ተመራማሪ

መምህርት፣ ሁለቱንም እቀበላለሁ። 12ኛውን ክሮሞዞም ማንሣት ነበረብኝ። ሪቦዞም የሚሠራበትን ዲኤንኤ ከ100 እስከ 200 ጊዜ ደጋግሞ የያዘው ክሮሞዞም እርሱ ነው፤ ያ ክፍል ኮሂሲን ከተቆረጠ በኋላም ለመለየት ይዘገያል። እንዲለያይ ኮንደንሲን የተባለው ሰብሳቢ ፕሮቲንና ሲዲሲ14 የተባለው ኢንዛይም ያስፈልጉታል። ስለዚህ ጀማሪ_አጥኚ ያዩት ቀጭን የመሃል ክር ላይ ከሌሎቹ ዘግይቶ ይህ ክፍል ተዘርግቶ ሊሆን ይችላል፤ በዳፒ ብቻ ግን ያንን ማረጋገጥ አይቻልም። በፍሎረሰንስ ፕሮቲን ምልክት ማድረግ ይኖርብዎታል።

ስለ ውጥረቱም አንድ ነገር ልጨምር። ሴንትሮሜሩ አጠገብ አረንጓዴ የሚያበራ ምልክት ያደረጉ ሰዎች፣ መንትያዎቹ ገና ታስረው ሳሉ ሴንትሮሜሮቹ ብቻ ተራርቀው ሁለት ነጥብ ሆነው፣ አንዳንዴም ተመልሰው አንድ ሆነው ያያሉ። ምልክቱ በክንዱ ላይ ሲሆን ግን አንድ ነጥብ ብቻ ሆኖ ይቆያል። አንድን ሕዋስ ለጥቂት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ የተመለከተ ሰው ጉተታው አስቀድሞ እንዳለ ሌላ ክርክር አያስፈልገውም።

የፊዚክስ_ሰው

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ኬላው ይህን ያህል አስፈላጊ ከሆነ፣ ማድ2 የሌለው እርሾ መሞት አለበት ማለት ነው?

መምህርት_ሥነ_ሕይወት

አይሞትም፤ ይህም ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያስደንቃቸዋል። ማድ2 የተሰረዘበት እርሾ በምቹ ሁኔታ ውስጥ ከጤነኛው ብዙም ሳይለይ ያድጋል። ችግሩ የሚገለጠው ማይክሮቲዩብ አፍራሽ መድኃኒት ሲጨመር ወይም ክሮሞዞሞች ለመያዝ ጊዜ የሚወስዱበት ሌላ ጉድለት ሲኖር ነው። አይጥ ግን ያለ ማድ2 በፅንስነቷ ትሞታለች። በእርሾ አብዛኛው አያያዝ በቶሎ ስለሚስተካከል ሕዋሱ ኬላውን ብዙ ጊዜ ሳያስፈልገው ያልፋል ብዬ ነው የምረዳው።

ጀማሪ_አጥኚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ያንኑ ናሙና እንደገና ሳይ፣ ሁለት የተለያዩ ሰማያዊ ክቦች በእናቲቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው እምቡጡ ባዶ የሆነበት አንድ ሕዋስ አገኘሁ። ክሮሞዞሞቹ ተለያይተዋል፤ ነገር ግን ወደ ልጂቱ የሄደ የለም። ይህ ሕዋስ ከተከፈለ አንዲቱ ሁለት፣ አንዲቱ ምንም ሳይደርሳት አይቀርም?

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ከመደበኞቹ ክሮሞዞሞች ሌላ ተጨማሪ አነስተኛ ክሮሞዞም የያዘ ዝርያ በፔትሪ ሳህን ላይ በትኜ ነበር። አብዛኛው ኮሎኒ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው፤ ሁለት ኮሎኒዎች ግን መሃል ለመሃል ተከፍለው ግማሻቸው ቀይ ሆኗል። የአንዱ ሌላ ግማሽ ሮዝ፣ የሌላኛው ግን ነጭ ነው። ልዩነቱን ምን ብዬ ልተርጉመው?

ሕዋስ_ተመራማሪ

በእናቲቱ ውስጥ ሁለት ክብ ያለው ሕዋስ የሚቆመው ከመከፈሉ በፊት ነው፤ ለዚህ ሌላ ኬላ አለ። ክፍፍሉን የሚያጠናቅቀው ትእዛዝ ከአንደኛው ዋልታ ላይ ይነሣል፤ ይህ ትእዛዝ የሚለቀቀውም ያ ዋልታ አንገቱን አልፎ እምቡጡ ውስጥ ሲገባ ነው። እናቲቱ ውስጥ ትእዛዙን የሚያፍን ኬአይኤን4 የተባለ ኢንዛይም አለ፤ እምቡጡ ውስጥ ደግሞ የሚያግዘው ኤልቲኢ1 ይገኛል። ስለዚህ ስፒንድሉ በእናቲቱ ውስጥ ተረዝሞ ቢገኝም ሕዋሱ አንገቱን ሳይዘጋ ይጠብቃል፤ ብዙውን ጊዜም በዳይኒን ሞተር እየተጎተተ ቆይቶ ወደ እምቡጡ ይገባል። እርስዎ በኤታኖል የገደሉት ሕዋስ በዚህ ጥበቃ ላይ ሳለ የተያዘ ይመስለኛል። ከጤነኛ ናሙና አንድ ሕዋስ ብቻ ካገኙ አያሳስብም፤ በርካታ ሆነው ከተገኙ ግን ዝርያዎ የዳይኒን ወይም የካር9 (ስፒንድሉን ወደ እምቡጡ የሚያቀና ሌላ ፕሮቲን) ጉድለት እንዳለበት ይመርምሩ።

ስለ ኮሎኒዎቹ ቀለም ግን የሚያስደስት ነገር አግኝተዋል። ዝርያዎ ኤዲኢ2 የተባለው ዘረመል የተበላሸበትና ያንን የሚያርም ዘረመል በትንሹ ክሮሞዞም ላይ ያለበት፣ ድርብ ክምችት ያለው (ከእያንዳንዱ ክሮሞዞም ሁለት ሁለት የያዘ) ከሆነ፣ ያ ክሮሞዞም የሌላት ሕዋስ ቀይ፣ አንድ ያላት ሮዝ፣ ሁለት ያላት ነጭ ኮሎኒ ትሠራለች። እንግዲህ ግማሽ ቀይ ግማሽ ሮዝ የሆነው ኮሎኒ፣ አንዲቱ ልጅ አንድ ወስዳ ሁለተኛዋ ያለ ምንም የቀረችበት ነው፤ አንዱ ቅጂ ጠፍቷል ወይም ጭራሽ አልተባዛም። ግማሽ ቀይ ግማሽ ነጭ የሆነው ግን ሁለቱም መንትያዎች ወደ አንዲቱ የሄዱበት ነው፤ በሁለቱም በኩል ከአንድ ዋልታ ተይዘው ሳይታረሙ የተለቀቁ እንደ ነበሩ የሚያስጠረጥረው ይህኛው ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት በጤነኛ እርሾ እጅግ ብርቅ ነው፤ አንድ መደበኛ ክሮሞዞም የሚጠፋው በ100,000 ክፍፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ያህል ነው። እነዚህ አነስተኛ ተጨማሪ ክሮሞዞሞች ግን ከመደበኞቹ በብዙ እጥፍ ይጠፋሉ፤ ስለዚህ በአንድ ሳህን ላይ ሁለት ማግኘትዎ የግድ ጉድለትን አያመለክትም።

በሚቆጥሩበት ጊዜ ቢያንስ ግማሹ የቀላውን ኮሎኒ ብቻ ይውሰዱ። ስሕተቱ በሳህኑ ላይ በተካሄደው በመጀመሪያው ክፍፍል የደረሰ ከሆነ ቀዩ ክፍል በትክክል ግማሽ ይሆናል፤ በኋለኛው ክፍፍል ከደረሰ ሩብ ወይም ከዚያ ያነሰ ቁራሽ ሆኖ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ቀይ የሆነውን ኮሎኒ ደግሞ ከቁጥር ያውጡት፤ ክሮሞዞሙ ሕዋሱ ወደ ሳህኑ ከመምጣቱ በፊት ጠፍቶ ነበርና።

ጀማሪ_አጥኚ

ዝርያው ድርብ መሆኑን አሁን ከመዝገቡ አይቼ አረጋግጫለሁ። ሁለት ሙሉ ቀይ ኮሎኒዎች ቆጥሬ ነበር፤ ሠርዣቸዋለሁ። ነጭ ግማሽ ያለውን ኮሎኒ ከነጩም ከቀዩም ወገን ለብቻ ለብቻ አንሥቼ ነገ በአዲስ ሳህን ላይ እበትነዋለሁ፤ ነጩ ወገን በእርግጥ ሁለት ክሮሞዞም ከያዘ ልጆቹ አልፎ አልፎ ሮዝ ቁራሽ ሊያወጡ ይገባል፤ ቀዩ ግን ቀይ ሆኖ መቅረት አለበት። ያገኘሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።